ደብረ ዘይትን ከእናቴ ጋር ልሳለም ነው፤ ቁልቁለቱን እንዴት ብንወርደው ይሻላል?

የሽምብጥ ልጅ (ጥያቄ)

ጤና ይስጥልኝ፤ የምጽፈው ከባሕር ዳር ነው። እናቴ ዕድሜያቸው ወደ ሰባ እየተጠጋ ነው። ሲመኙት የኖሩትን የኢየሩሳሌም ጉዞ እግዚአብሔር ቢፈቅድ ለመጪው ትንሣኤ ሊያደርጉ ተነሥተዋል፤ እኔም ሴት ልጃቸው አብሬያቸው እሄዳለሁ። ስለ ጎልጎታ፣ ስለ ቤተ ልሔምና ስለ ዮርዳኖስ ቀድመው ከተሳለሙ ጎረቤቶቻችን ብዙ ሰምተናል። የእናቴ ልብ ያረፈው ግን በደብረ ዘይት ላይ ነው። በዐቢይ ጾም አምስተኛው እሑድ፣ ጌታ በዚያ ተራራ ተቀምጦ ስለ ዳግም ምጽአቱ ያስተማረበት የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 24 በተነበበ ቁጥር፣ እዚያው ቦታ ቆመው ከተማዪቱን ማየት እንደሚፈልጉ ሲናገሩ እሰማቸዋለሁ።

የሚያሳስበኝ ጉልበታቸው ነው። በሜዳ ላይ ያለ ችግር ይሄዳሉ። የካቲት 16 ቀን ወደ ዘጌ ተሻግረን ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ስናነግሥ ከጀልባው ወርደው በጫካው ውስጥ ያለውን ዐቀበት ቀስ ብለው ይወጡታል፤ ሲመለሱ ግን ቁልቁለቱ ላይ ክንዴን ይዘው ነው የሚወርዱት። የጉዞው አዘጋጆች በሰጡን መርሐ ግብር ላይ ደግሞ ለደብረ ዘይትና ለጌቴሴማኒ የተመደበው ግማሽ ቀን ብቻ ነው፤ ከየት ተነሥተን የት እንደምንደርስም አልተገለጸም።

ስለዚህ የሄዳችሁበት እንድትመክሩኝ እለምናለሁ። ከላይ ወደ ታች መውረድ ይሻላል ወይስ ከታች መጀመር? አቅማቸው ለሁሉም ካልበቃ የትኛው ቢቀር ይሻላል? ሕዝቡ በሆሳዕና ዕለት በሚያደርገው ሰልፍ ውስጥ ይዣቸው መግባትስ ይገባኛል? ደግሞም በተራራው ላይ ያሉት ብዙዎቹ ቦታዎች በሌሎች እጅ መሆናቸውን ስለሰሙ፣ በዚያ መጸለይ ተገቢ መሆኑን ደጋግመው ይጠይቁኛል፤ ለዚህም በቂ መልስ የለኝም።

ተሳላሚት

ልጄ፣ እናትሽን ለዚህ ያበቃ አምላክ ይመስገን። እኔም ጉልበቴ ደኅና ባልነበረበት ጊዜ የሄድኩ ስለሆንኩ የማውቀውን ልንገርሽ።

ከላይ ጀምሩ። አውቶቡሱ ከተራራው ራስ ላይ ወዳለው መመልከቻ ያውጣችሁና ታች በኢያሪኮ መንገድ ዳር፣ በጌቴሴማኒ ይጠብቃችሁ። ይህን ከመሄዳችሁ በፊት ከአዘጋጆቹ ጋር ተነጋግረሽ ጨርሺው፤ እዚያ ከደረሱ በኋላ ሹፌሩን መለመን አይመችም። የጠዋቱን ሰዓትም ምረጡ፤ ከመመልከቻው ላይ ፊታችሁን ወደ ምዕራብ ስታዞሩ ፀሐይዋ ከኋላችሁ ስለምትሆን ከተማዪቱ በሙሉ በርታ ትታያለች። ከሰዓት በኋላ ግን ፀሐይዋ ዓይን ውስጥ ትገባለች።

እናትሽ እንዳይደናገጡ አስቀድመሽ ንገሪያቸው፤ ከተማዪቱ የምትታየው እኛ ከቤዛዊት ኮረብታ ላይ ባሕር ዳርን እንደምናያት በሩቁ አይደለም። በመካከል ያለው የቄድሮን ሸለቆ ብቻ ስለሆነ የቅጥሩ ድንጋይ ሳይቀር ለዓይን ይለያል። ፊት ለፊት በድንጋይ የተዘጋው ወርቃማው በር፣ ከእርሱ በላይ ባለ ወርቅ ጉልላቱ የሙስሊሞች ሕንፃ፣ ከዚያም ኋላ በቤቶቹ መካከል የጎልጎታው ቤተ ክርስቲያን ግራጫ ጉልላቶች ይታያሉ። ከእግራችሁ በታች ያለው ተዳፋት ደግሞ በሙሉ የአይሁድ መቃብር ነው። እናትሽ እዚህ ላይ ይቀመጡ። አስጎብኚዎች ፎቶግራፍ አንሥተው ለመሄድ ይቸኩላሉ፤ እናንተ ግን የመጣችሁት ለዚህ ስለሆነ ወንጌሉን እዚያው ቁጭ ብላችሁ አንብቡት።

ቁልቁለቱ ረጅም አይደለም፤ ሳያርፍ ለሚሄድ ሰው ከሩብ ሰዓት ብዙም አያልፍም። ነገር ግን በሁለት ግንብ መካከል የሚወርድ ጠባብና ቀጥ ያለ መንገድ ነው፤ ብዙ እግር ያለሰለሰው ስለሆነ ያዳልጣል፤ ትንንሽ መኪናም አልፎ አልፎ ያልፍበታል። በመንገዱ እኩሌታ ላይ ጌታ ስለ ኢየሩሳሌም ያለቀሰበት መታሰቢያ አለ፤ ጥላና መቀመጫ ስለማይጠፋ እዚያ ደኅና ዕረፍት አድርጉ። ቤተ ጸሎቷ ትንሽ ናት፤ ጣሪያዋ በእንባ ዘለላ ቅርጽ በ1955 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተሠራ ነው። በመንበሩ በላይ ያለው መስኮት በቀጥታ ወደ ከተማዪቱ የተከፈተ ሲሆን በብረት የተሠሩ መስቀልና ጽዋ አሉበት። በመንበሩ ፊት ጫጩቶቿን በክንፎቿ የሰበሰበች ዶሮ በሞዛይክ ተሥላለች፤ ጌታ ልጆችሽን ልሰበስብ ወደድሁ ያለውን ቃል ለሚያውቅ ሰው ከዚህ በላይ ማስረዳት አያስፈልግም።

ስለ ሆሳዕና የጠየቅሽውን በተመለከተ፣ ከቤተ ፋጌ ተነሥቶ ተራራውን አቋርጦ ወደ ከተማዪቱ የሚወርደው ትልቁ ሰልፍ የካቶሊኮች ነው፤ ቀኑም በእነርሱ አቆጣጠር ነው የሚውለው። በ2017 ዓ.ም. የሁላችንም ትንሣኤ በአንድ ቀን ዋለ፤ በ2018 ዓ.ም. ግን የእነርሱ በአንድ ሳምንት ቀድሟል። ስለዚህ መጀመሪያ ቀኑን አረጋግጪ። ቢገጥምም እንኳ ጉልበታቸው የደከመ እናት በዚያ ግፊያ ውስጥ ቁልቁለት እንዲወርዱ አልመክርም። የእኛን ሆሳዕና በጎልጎታ ባለው ገዳማችን በዴር ሡልጣን ከአባቶቻችን ጋር ያክብሩ፤ ተራራውን በሌላ ጸጥ ባለ ቀን ይሳለሙት።

ዲያቆን ዘጣና

እናትዎ ስለ ቦታዎቹ ባለቤትነት የጠየቁት ጥያቄ ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ስለዚህ ዘርዘር አድርጌ ልመልስ።

በተራራው ራስ ላይ የዕርገቱ መታሰቢያ አለ። ስምንት ማዕዘን ያለው ይህ ትንሽ ሕንፃ የመስቀል ጦረኞች ዘመን ሥራ ሲሆን፣ ሳላሕ አድ ዲን እ.ኤ.አ. በ1187 ኢየሩሳሌምን ከያዘ በኋላ በሙስሊሞች እጅ ገብቶ እስካሁን በእነርሱ ሥር ይገኛል። ሙስሊሞችም የጌታን ወደ ሰማይ መነሣት ስለሚቀበሉ ቦታውን ያከብሩታል፤ ተሳላሚውም በበሩ ላይ አነስተኛ ክፍያ ከፍሎ ይገባል። በወለሉ ላይ በእብነ በረድ የተከበበ ዐለት አለ፤ የጌታ የእግሩ አሻራ ነው ተብሎ በትውፊት የሚታመነው እርሱ ነው፤ ተሳላሚው ጎንበስ ብሎ በእጁ ሲዳስሰው ስለኖረ እንደ መስታወት ለስልሷል። እናትዎ ዙሪያውን ያለውን የአጥር ግንብ ልብ ብለው ቢያዩ ብረት ቀለበቶች ተተክለውበት ያገኛሉ። የዕርገት በዓል ሲደርስ አብያተ ክርስቲያናት በግቢው ውስጥ ድንኳን የሚወጥሩት በእነዚያ ነው። የቤቱ ቁልፍ በማን እጅ ይሁን በማን፣ በዓሉ በዚያ ሳይከበር አይቀርም።

የእኛ ትምህርት እንዲህ ነው፦ ቅዳሴ የምናስቀድሰውና ሥጋ ወደሙን የምንቀበለው በራሳችን ቤተ ክርስቲያን ነው። ቅዱስ ቦታን መሳለም፣ በዚያ ቆሞ አቡነ ዘበሰማያት ማድረስ፣ ዳዊት መድገም ግን የተሳላሚ ሁሉ ድርሻ ነው። ንጉሥ ዳዊት ከአቤሴሎም በሸሸ ጊዜ ራሱን ተከናንቦ፣ ባዶ እግሩን እያለቀሰ በዚሁ ተራራ ዐቀበት እንደወጣ በሁለተኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 15 ተጽፏል። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 1 ደግሞ ደቀ መዛሙርቱ ከዕርገቱ በኋላ ከዚሁ ተራራ የሰንበት መንገድ ያህል ተጉዘው ወደ ከተማዪቱ እንደተመለሱ እናነባለን። ተራራው ዛሬ በላዩ ካሉት ሕንፃዎች ሁሉ አስቀድሞ የተቀደሰ መሆኑን ለእናትዎ ይንገሯቸው።

ከዕርገቱ መታሰቢያ ጥቂት ዝቅ ብሎ ጌታ ለደቀ መዛሙርቱ ጸሎት ያስተማረበት ነው የሚባለው ቦታ አለ። በአራተኛው መቶ ዓመት በቆስጠንጢኖስ ዘመን በዚያ ትልቅ ቤተ ክርስቲያን ታንጾ ነበር፤ እርሱ እ.ኤ.አ. በ614 በፋርሶች ፈርሷል። የዛሬው ገዳም ግን በግድግዳዎቹ ላይ አቡነ ዘበሰማያትን ከ100 በላይ በሚሆኑ ልሳናት በሸክላ ሰሌዳ አስጽፎ ይታያል፤ የእኛም ፊደል አለበት። ማንበብ የሚወዱ እናት ከሆኑ ይህን ሳያዩ ባይወርዱ ደስ ይለኛል። በእሑድ ቀን ዝግ መሆኑን ግን ልብ ይበሉ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ለጣና ዳር ሰው የተለየ ትርጉም ያለው ስለሚመስለኝ ነው። ከመመልከቻው ላይ ባለ ወርቅ ጉልላቱ የሚታይበት ሰፊ አደባባይ ቤተ መቅደሱ የነበረበት ቦታ ነው። በእኛ ትውፊት ታቦተ ጽዮን ከዚያ ተነሥታ ወደ አክሱም ከመግባቷ በፊት ለብዙ መቶ ዓመታት ያረፈችው በጣና ቂርቆስ ነው። እናትዎ ጣና ቂርቆስን ተሳልመው ከሆነ ከተራራው ላይ ሆነው የሚያዩት የመንገዱን መነሻ ነው። አስጎብኚዎቹ ይህን አይነግሯቸውም፤ ስለዚህ እርስዎ ይንገሯቸው።

ነርስ ከግንቦት ሃያ ሠፈር

ስለ ጉልበታቸው ጥቂት ልበል። ቁልቁለት ከዐቀበት ይልቅ ጉልበትን ስለሚጫን በዘጌ ያዩት ነገር የሚጠበቅ ነው። ከፍታው አያሳስብዎ፤ ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ደብረ ዘይት ከባሕር ጠለል በላይ 800 ሜትር ገደማ ነው፤ ትንፋሽ የሚያሳጥር ነገር የለውም።

ከአሁኑ ልምምድ ይጀምሩ። በጣና ዳር ባለው ሜዳ መሄድ መልካም ቢሆንም ለቁልቁለት አያዘጋጅም። ወደ ቤዛዊት በሚወጣው መንገድ ላይ አጠር ያለ ርቀት ወጥተው፣ ቀስ ብለው እንዲወርዱ ያድርጉ፤ ሕመም ከተሰማቸው ያቁሙ። ምርኩዙ ከሚያማቸው ጉልበት በተቃራኒው እጅ ይያዝ። ደረጃ ሲወርዱ የሚያመውን እግር ያስቀድሙ፤ ሲወጡ ደግሞ ደኅናውን ያስቀድሙ። ይህ ቀላል ነገር ይመስላል፤ በጌቴሴማኒ ባለው በእመቤታችን መቃብር ደረጃ ላይ ግን ብዙ ያግዛቸዋል። ጫማቸው ሶሉ የማያዳልጥ፣ ተረከዙን የሚይዝ ሸራ ጫማ ይሁን። ነጠላ ጫማም ሆነ ኮንጎ ለዚያ መንገድ አይሆንም። አዲሱን ጫማ ደግሞ እዚሁ ለምደውት ይሂዱ።

ጉዞው በሕማማት ሰሞን ስለሚሆን ጾሙ ጠንካራ ነው። የደም ግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ከመነሣታቸው በፊት ከሐኪማቸውም ከነፍስ አባታቸውም ጋር ይመካከሩ፤ መድኃኒቱም በእጅ ቦርሳ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አይሁን።

የአዴት መንገደኛ

ከላይ የተሰጠውን ምክር ሁሉ አከብራለሁ፤ በአንድ ነገር ግን አልስማማም። እኔ አባቴን ይዤ በሄድኩ ጊዜ ቡድናችን ከላይ ጀመረ፤ በየቦታው ቆመን ስንወርድ ቀኑ ተጋመሰና ጌቴሴማኒ ስንደርስ በሩ ተዘግቶ አገኘነው። በዚያ ያሉት ብዙዎቹ አብያተ ክርስቲያናት በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ከቀኑ 6 ሰዓት ገደማ ተዘግተው ወደ 8 ሰዓት ግድም ይከፈታሉ። ግማሽ ቀን ብቻ ላለው መንገደኛ ይህ ማለት ከታች ያለውን ሁሉ ማጣት ነው።

ከታች ያለው ደግሞ ዋናው ነው ብዬ አምናለሁ። የእመቤታችን መቃብር እዚያ ነው። ጥር 21 ዕረፍቷን፣ ነሐሴ 16 ፍልሰቷን የምታከብር እናት፣ ሐዋርያት ሥጋዋን ይዘው የወረዱበትን ቦታ ሳይሳለሙ ቢመለሱ ቁጭቱ አይወጣላቸውም። ወደ 50 የሚጠጋ ሰፊ ደረጃ ወርደው ነው የሚገቡት፤ ተመልሶ መውጣትም አለ። በደረጃው መካከል በስተቀኝ የኢያቄምና የሐና ቤተ ጸሎት ስላለ እዚያ ማረፍ ይችላሉ። ይህን ደረጃ የጠዋት ጉልበት እያላቸው ቢወርዱትና ቢወጡት ይሻላል እላለሁ። ስፍራው በማለዳ ይከፈታል። ከዚያ በመንገዱ ማዶ ወዳለው የጌቴሴማኒ አትክልት ቦታ ይሻገሩ፤ ያረጁት ስምንት የወይራ ዛፎች በአጥር ውስጥ አሉ። ከአጠገባቸው ባለው እ.ኤ.አ. በ1924 በተጠናቀቀው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ ከመንበሩ ፊት የእሾህ አክሊል በሚመስል የብረት አጥር የተከበበ ዐለት አለ፤ ጌታ የጸለየበት ነው ተብሎ ይታመናል። መስኮቶቹ ሐምራዊ ስለሆኑ ቀንም ቢሆን ውስጡ ደብዘዝ ያለ ነው፤ ዓይናቸው እስኪለምድ በር ላይ ጥቂት ያቁሟቸው። ወደ ተራራው ራስ በመጨረሻ በታክሲ ቢወጡ ጉልበታቸው አይጎዳም።

ተሳላሚት

ወንድሜ ስለ መዝጊያው ሰዓት የተናገሩት እውነት ነው፤ እኔም ብጠቅሰው ይገባ ነበር። ይሁን እንጂ ተራራውን በመጨረሻ ማድረግ የእናቲቱን ዋና ምኞት ለድካም ሰዓት መተው ነው፤ በዚያ ላይ ፀሐይዋ በፊታቸው ትሆናለች። መፍትሔው ቀኑን መክፈል ይመስለኛል። በእንዲህ ያሉ ጉዞዎች ላይ አንድ ነፃ ቀን አይጠፋም፤ በዚያ ቀን እናትና ልጅ ብቻችሁን በማለዳ በታክሲ ወደ እመቤታችን መቃብር ሂዱ። ከቡድኑ ጋር በምትሄዱበት ቀን ደግሞ ከላይ ጀምራችሁ ጌታ ያለቀሰበት ላይ ዐርፋችሁ ጌቴሴማኒ ላይ ብትጨርሱ ምንም የሚያስቸኩላችሁ አይኖርም። የሚቀር ነገር ካለ ባለ ሰባት የወርቅ ጉልላቱ የሩሲያውያን የመግደላዊት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ይቅር፤ በሳምንት ለጥቂት ሰዓት ብቻ ስለሚከፈት ብዙ ጊዜ የሚታየው ከውጭ ነው።

የሽምብጥ ልጅ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መልሶቻችሁን ለእናቴ አነበብኩላቸው። ስለ ጣና ቂርቆስ የተጻፈውን ደግሜ እንዳነብላቸው አድርገውኛል፤ ስለ ጸሎቱ የነበራቸውም ጭንቀት ቀሏል። አዘጋጆቹን ደውዬ ጠይቄ ከሆሳዕና ቀጥሎ ባለው ማክሰኞ ነፃ ጊዜ እንዳለን ነግረውኛል፤ ስለዚህ ቀኑን ከፍለን እንሄዳለን፤ የቤዛዊቱንም ልምምድ ጀምረናል።

አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። የእናቴ ማኅበርተኞች የክርስትና ስማቸውን በወረቀት ጽፈው እየሰጧቸው ነው፤ የሞቱ ዘመዶቻቸውም ስም አለበት። እናቴ ይህን በእመቤታችን መቃብር ላይ ለካህን ሊሰጡ አስበዋል። ይቻላል?

ዲያቆን ዘጣና

መቃብሩ በዋናነት በግሪኮችና በአርመኖች እጅ ስለሆነ በአዘቦት ቀን የእኛን ካህን በዚያ አገኛለሁ ብሎ መሄድ አያስተማምንም። ስሞቹ በቅዳሴና በጸሎተ ፍትሐት እንዲታሰቡ ከተፈለገ ወረቀቱን በዴር ሡልጣን ላሉት አባቶች፣ ወይም ከአሮጌው ከተማ ውጭ በአፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን ተጀምሮ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በተጠናቀቀው በደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ለሚያገለግሉት ያስረክቡ። የሕያዋኑንና የሙታኑን ስም ለየብቻ ይጻፉት፤ ለካህናቱ ሥራ ያቀልላቸዋል።

በመቃብሩ ዘንድ ግን እናትዎ ራሳቸው ስሞቹን በጸሎት ማሰብ ይችላሉ። ስለዚህ ሌላ ቅጂ በትልልቅ ፊደል ይጻፉላቸው፤ በዚያ ያለው ብርሃን ከላይ ከተንጠለጠሉት መብራቶች የሚመጣው ብቻ ነው። መግቢያው ዝቅተኛ ስለሆነ ጎንበስ ብለው መግባት ይኖርባቸዋል፤ ውስጡም ጠባብ ሆኖ ከኋላ ሰው ስለሚጠብቅ ስሞቹን ከመግባታቸው በፊት ከደጅ ቆመው ያድርሷቸው፤ ከዚያ ገብተው ተሳልመው በሌላው በር ይውጡ።